ማርሽ አልይዝ ስላለ አሮጌ የፓወር ሺፍት ትራክተር፤ ካምቢዮው ከመፈታቱ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው

በሬ የታመመበት ገበሬ ሆዱን ቀድዶ አይመረምርም። አስቀድሞ ጆሮውን ይዳስሳል፤ አፍንጫው እርጥብ ወይም ደረቅ እንደ ሆነ ያያል፤ እበቱን ይመለከታል፤ ትናንት ምን እንደ በላና ከየትኛው ውኃ እንደ ጠጣ እረኛውን ይጠይቃል። መድኃኒት የሚፈልገው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በትራክተር ላይ ግን ይህ ማስተዋል ብዙ ጊዜ ይረሳል። ትራክተሩ ማርሽ አልይዝ ያለ እንደ ሆነ ነጂው «ካምቢዮው ሞቷል» ይላል፤ መካኒኩ «ይፈታ» ይላል፤ ሹሙ ወይም ባለ እርሻው ደግሞ ነገሩን ስለማያውቀው ገንዘቡን ይፈቅዳል። ካምቢዮው ተፈትቶ ብሎኑ በየሳጥኑ ተበትኖ ሳለ ዝናሙ ይጥላል፥ የዘር ጊዜውም ያልፋል። በመጨረሻም የተገኘው ብልሽት አንድ የዛገ የሽቦ ጫፍ ወይም አንድ የተደፈነ ወንፊት ብቻ ሊሆን ይችላል።

በአርሲና በባሌ ደጋ ስንዴ ከሚያመርቱት ገበሬዎች ብዙዎቹ መሬታቸውን በኪራይ ትራክተር ያሳርሳሉ። ስለዚህ በሰኔ ወር አንድ ትራክተር ቆመ ማለት የባለቤቱ እርሻ ብቻ ሳይሆን ተራ ይዘው የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ እርሻ ቆመ ማለት ነው። እንግዲህ በወረዳ የሚያስተዳድር ሹም ወይም ሰፊ እርሻ የሚያሳርስ ሰው ቁልፍ ይዞ ከትራክተሩ ሥር መግባት ባይኖርበትም፥ ለመፍታት ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው ማወቅ አለበት። ጥያቄውን የማያውቅ ሰው የተነገረውን ሁሉ ከመቀበል በቀር ሌላ ምርጫ የለውም።

ስለ አሠራሩ

በተራ ትራክተር ላይ ነጂው ማርሽ ለመለወጥ ሲፈልግ ፍሪሲዮኑን በእግሩ ረግጦ የሞተሩን ኃይል ከጎማው ይለያል፤ ከዚያም ዘንጉን በእጁ ገፍቶ አዲሱን ማርሽ ያስገባል። ማረሻው መሬት ውስጥ ሳለ ይህን ያደረገ እንደ ሆነ ትራክተሩ ወዲያው ይቆማል። በፓወር ሺፍት ግን ጥርሶቹ ሁልጊዜ እንደ ተገናኙ ይኖራሉ፤ በካምቢዮው ውስጥም አንድ ሳይሆን ብዙ ትናንሽ ፍሪሲዮኖች አሉ። እያንዳንዱ ፍሪሲዮን ሸራ የለበሱና ያልለበሱ ሳህኖች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው የተሠራ ነው። ፓምፑ የሚገፋው ዘይት ከኋላ ያለውን ፒስቶን ሲጫነው ሳህኖቹ ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ፤ ዘይቱ ሲለቀቅ ይላቀቃሉ። እንግዲህ ማርሽ መለወጥ ማለት አንዱን ፍሪሲዮን አስለቅቆ ሌላውን ማስያዝ ነው፤ ማረሻውም ሳይቆም ሥራው ይቀጥላል።

ይህ ጥበብ በአንድ ጊዜ የተገኘ አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ትራክተሩ ሳይቆም ኃይሉን በአንድ ደረጃ የሚያበረታ መሣሪያ በፋርማል ትራክተር ላይ አወጣ። በ1959 ዓ.ም. ፎርድ ወደ ፊት 10 ወደ ኋላ 2 ማርሽ ያለው፥ ሁሉም ሳይቆም የሚለወጥ ካምቢዮ አቀረበ። በ1963 ዓ.ም. ጆን ዲር በ4020 ትራክተር ላይ ወደ ፊት 8 ወደ ኋላ 4 ማርሽ ያለውን አወጣ። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ ኬዝ ኢንተርናሽናል ማግነም የተባለውን ትራክተር ወደ ፊት 18 ማርሽ አድርጎ ሠራ፤ በዚህም ላይ ፍሪሲዮኖቹን የሚያዝዘው ኤሌክትሪክ ሆነ። ይህ ዓይነት ዛሬ አሮጌ ከሚባሉት ቢቆጠርም የማርሾቹ አደራደር ለምርመራ እጅግ የተመቸ ስለ ሆነ፥ ከዚህ በታች ምሳሌው ከእርሱ ይወሰዳል።

ስለ ነጂው ቃል

ከመሣሪያ ሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው የነጂው ቃል ነው። ብልሽቱ በድንገት መጣ ወይስ ቀስ እያለ? ጠዋት ዘይቱ ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ ከቀትር በኋላ ሲሞቅ? ሁሉም ማርሽ እምቢ አለ ወይስ አንዳንዱ ብቻ? ወደ ኋላስ ይሄዳል? በቅርብ ጊዜ ዘይት ተለውጦ፥ ባትሪ ተነቅሎ፥ ትራክተሩ በውኃ ታጥቦ ነበርን?

እነዚህ ጥያቄዎች ትንንሽ ቢመስሉም እያንዳንዳቸው መንገድ ያመለክታሉ። በድንገት የመጣ ብልሽት ብዙ ጊዜ ወደ ኤሌክትሪክ ያመለክታል፤ ቀስ እያለ የመጣ ደግሞ ወደ ሸራ ማለቅ ወይም ወደ ማጣሪያ መደፈን። በብርድ ብቻ እምቢ ብሎ ሲሞቅ የሚሠራ እንደ ሆነ ዘይቱ ወፍሯል፥ ወይም ዘይቱን የሚያሽጉት የላስቲክ ቀለበቶች በእርጅና ደርቀዋል ማለት ነው። ሲሞቅ ብቻ የሚደክም እንደ ሆነ ግን ዘይቱ በሙቀት ቀጥኖ በአረጀ ፓምፕ ወይም ባለቀ ማሸጊያ በኩል እያመለጠ መሆኑ ይጠረጠራል። ዳሩ ግን በደጋ አገር ጠዋት በብርድ የተነሣ ማርሹ ጥቂት ሰኮንድ ቢዘገይ ይህ የወፍራም ዘይት ጠባይ እንጂ በሽታ አይደለም።

ነጂው እውነቱን እንዲናገር የሚያደርገው የአለቃው ጠባይ ነው። ለብልሽት ሁሉ ደመወዙ የሚቆረጥበት ነጂ፥ ማርሹ ለሦስት ሳምንት ሲንሸራተት አይቶ ዝም ይላል፤ ሸራው ፈጽሞ ካለቀ በኋላ «ዛሬ በድንገት ቆመ» ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደ ተባለው፥ ቶሎ የተናገረ ነጂ ሊመሰገን እንጂ ሊቀጣ አይገባውም።

ስለ ዘይቱ

ከነጂው ቀጥሎ የሚናገረው ዘይቱ ነው። ትራክተሩ በደልዳላ ሥፍራ ቆሞ፥ የአምራቹ መጽሐፍ እንደሚያዝዘው መለኪያው ይታያል። በብዙ ትራክተሮች ላይ ካምቢዮውና ዕቃ የሚያነሣው ሃይድሮሊክ በአንድ ዘይት ይሠራሉ፤ ስለዚህ ማረሻና ተጎታች በተለዋወጡ ቁጥር ጥቂት ዘይት በየሲሊንደሩ ይሄዳል። ማንም ሳያፈስሰው ዘይቱ የሚጎድለው ስለዚህ ነው።

ልኩ ከታየ በኋላ መልኩ ይታያል። እንደ ወተት የነጣ ዘይት ውኃ የገባበት ነው፤ ውኃም ሸራውን ከሳህኑ ጋር ያጣበቀውን ሙጫ ስለሚያላቅቅ እንዲህ ያለ ዘይት ይዞ አንድ ቀን እንኳ ማረስ አይገባም። የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ዘይት ፍሪሲዮን ሲንሸራተት እንደ ቆየ ይመሰክራል። አረፋ የሞላበት ደግሞ ዘይቱ ጎድሎ ወይም ከፓምፑ በፊት ባለው ቧንቧ በኩል አየር ገብቶበት ነው። ለሞተር የሚሆነውን ዘይት ወይም ርካሽ ሆኖ የተገኘውን ሁሉ በካምቢዮ ውስጥ የጨመረ ሰው፥ ማርሹ ሲንቀጠቀጥና ሲጮህ ፍሪሲዮኑን ቢወቅስ በደለኛው ራሱ ነው።

ከዚያም አሮጌው ማጣሪያ ወጥቶ ሳይጣል በመጋዝ ተቆርጦ ይከፈት፤ እጥፋቱም በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይዘርጋ። ማግኔት የሚስበው የብረት ስባሪ ከተገኘ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯል። ማግኔት የማይስበው ቢጫ ዱቄት ከነሐስ ክፍሎች የመጣ ነው። ጥቁር ወይም ቡናማ ቅርፊት የሸራ ፍርፋሪ ነው። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ግን የካምቢዮው ውስጥ ደኅና የመሆኑ ተስፋ ትልቅ ነው፤ ምርመራውም ከውጭ ይቀጥላል። ከፓምፑ በፊት ያለውም ወንፊት ሳይረሳ ወጥቶ ይታጠብ፤ ወንፊቱ የተደፈነበት ፓምፕ ምንም እንኳ ጤነኛ ቢሆን ባዶውን ይጮኻል እንጂ ግፊት አይሰጥም።

ስለ ኤሌክትሪኩ

ማግነምን በመሰሉ ትራክተሮች ላይ የነጂው እጅ ፍሪሲዮኑን በቀጥታ አይነካም። ዘንጉ ለአንድ የኤሌክትሪክ ሳጥን ይናገራል፤ ሳጥኑም ሶሌኖይድ ለሚባሉት፥ ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው የዘይት በር ለሚከፍቱት ትናንሽ መሣሪያዎች ያዝዛል። ስለዚህ ባትሪው የደከመ ወይም ዲናሞው የማይሞላ ከሆነ ሶሌኖይዶቹ ኃይል አንሷቸው ፍጹም ጤነኛ የሆነ ካምቢዮ የሞተ ይመስላል። ከባትሪው ወደ ሻሲው የሚታሰረው ሽቦ ይፈታ፥ ዝገቱ ይፋቅ፥ ጠብቆም ይታሰር። ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይታዩ። የሽቦዎቹ መጋጠሚያ ተከፍቶ ውኃና አረንጓዴ ዝገት ይፈለግ። በመጋዘን የከረመ ትራክተር እንደ ሆነ አይጥ የበላው ሽቦ እንዳለ ይመርመር።

በነጂው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የብልሽት ቁጥር የታየ እንደ ሆነ፥ ማንም ባትሪ ከመንቀሉ በፊት ቁጥሩ ከነቀኑ በወረቀት ይጻፍ። ቁጥሩን ሳይጽፍ ባትሪ የነቀለ ሰው የምስክሩን አፍ የዘጋ ሊሆን ይችላል።

አንድ ሶሌኖይድ በተጠረጠረ ጊዜ አዲስ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። ሞተሩ ጠፍቶ፥ የተጠረጠረው ዓይነቱና ቁጥሩ ፍጹም አንድ ከሆነው ጎረቤቱ ጋር ቦታ ይለዋወጥ፤ ሽቦዎቹ ግን እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ይቅሩ። ብልሽቱ ከሶሌኖይዱ ጋር ወደ ሌላው ማርሽ ከዞረ በሽተኛው ሶሌኖይዱ ነው። በነበረበት ማርሽ ከቀረ ሶሌኖይዱ ንጹሕ ነውና ሽቦው ወይም ፍሪሲዮኑ ይመርመር። ይህ ፈተና ጥቂት ድካም እንጂ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ስለ ማርሾቹ ቁጥር

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይመጣል፤ ይኸውም የትኞቹ ማርሾች እምቢ አሉ? የሚለው ነው። በማግነም ላይ 18ቱ ማርሾች የሚገኙት ከ18 ፍሪሲዮኖች አይደለም፤ ከ8 ብቻ ነው። ሁለቱ ጎደሎና ሙሉ ይባላሉ፤ አንዱ ለጎደሎ ቁጥር ማርሾች፥ ሌላው ለሙሉ ቁጥር ማርሾች ነው። ሦስቱ ጥንድ ጥንዱን የሚይዙ ናቸው፤ የ1ና የ2፥ የ3ና የ4፥ የ5ና የ6 ይባላሉ። የቀሩት ሦስቱ ደግሞ ዝቅተኛ፥ መካከለኛና ከፍተኛ ናቸው፤ ዝቅተኛው ከ1 እስከ 6፥ መካከለኛው ከ7 እስከ 12፥ ከፍተኛው ከ13 እስከ 18 ያለውን ይይዛል። ሁለት በሦስት፥ እንደ ገና በሦስት ሲባዛ 18 ይሆናል። ከእነዚህ ሌላ የሁሉ በር የሆነ ዋና ፍሪሲዮን፥ ወደ ኋላ ለመሄድም የተለየ ፍሪሲዮን አለ።

እንግዲህ እያንዳንዱ ማርሽ ከሦስቱ ወገን አንድ አንድ ፍሪሲዮን ይጠራል። ለምሳሌ 9ኛው ማርሽ ጎደሎውን፥ የ3ና የ4ን፥ መካከለኛውንም ይፈልጋል። 9ኛው እምቢ ብሎ 10ኛው ከሠራ፥ 10ኛው የሚጠቀምባቸው የ3ና የ4ው፥ መካከለኛውም ፍሪሲዮን ደኅና እንደ ሆኑ ታወቀ፤ የሚቀረው ጎደሎው ነው። ይህንንም ለማረጋገጥ 3ኛውና 11ኛው ይሞከሩ፤ እነርሱም እምቢ ካሉ ነገሩ ተፈረደ። እንደዚሁም 1ኛ፥ 2ኛ፥ 7ኛ፥ 8ኛ፥ 13ኛና 14ኛ ብቻ እምቢ ካሉ ጥፋተኛው የ1ና የ2 ፍሪሲዮን ነው። ከ7 እስከ 12 ያሉት ብቻ እምቢ ካሉ መካከለኛው ነው። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አንዱ እንኳ ካልሠራ ግን ሁሉም ፍሪሲዮን በአንድ ቀን ይሞታል ተብሎ አይታሰብምና ዘይቱ፥ ፓምፑ፥ ዋናው ፍሪሲዮን ወይም ኤሌክትሪኩ ይመርመር።

ከዚህ ሁሉ የሚያስተምረው ደግሞ ይህ ነው። 9ኛው ብቻውን እምቢ ብሎ 3ኛው፥ 10ኛውና 11ኛው ከሠሩ፥ 9ኛው የሚፈልጋቸው ሦስቱም ፍሪሲዮኖች በሌላ ማርሽ ሲሠሩ ታይተዋል። እንግዲህ ጥፋቱ በፍሪሲዮኖቹ ላይ ሳይሆን በሚያዝዛቸው ዘንግ፥ ሽቦ ወይም ሳጥን ላይ መፈለግ አለበት። ይህን ሳያስብ ካምቢዮውን የፈታ መካኒክ ጤነኛ ሳህን ያወጣል፥ ጤነኛ ሳህን ይመልሳል፤ ትራክተሩም ከተገጠመ በኋላ እንደ ፊተኛው ይሆናል።

ይህ አቈጣጠር የማግነም ነው፤ ሌላው ዓይነት ትራክተር ሁሉ የራሱ ሰሌዳ በአምራቹ መጽሐፍ ውስጥ አለው። ዳሩ ግን የማመዛዘኑ መንገድ በሁሉም አንድ ነው፤ የሚሠራው ማርሽ ለማይሠራው ይመሰክርበታል።

ስለ ግፊቱ

ጥርጣሬው ወደ አንድ ፍሪሲዮን ከጠበበ በኋላ የግፊት መለኪያ ይታሰራል። ዘይቱ እንደ ሥራ ጊዜ ከሞቀ በኋላ የተነበበው ቁጥር መጽሐፉ ከሚያዝዘው ጋር ይነጻጸር። ግፊቱ በሁሉም ማርሽ ዝቅ ያለ ከሆነ ወንፊቱ፥ ፓምፑ ወይም ግፊቱን የሚቈጣጠረው ቫልቭ ነው። በሁሉም ደኅና ሆኖ አንዱ ፍሪሲዮን ሲያዝ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ የዚያ ፍሪሲዮን ማሸጊያ ዘይት ያሳልፋል። ግፊቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ማርሹ የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ ሸራው አልቋል። ትራክተሩ በዜሮ ማርሽ ሳለ የሚንፏቀቅ እንደ ሆነ ሊላቀቅ የሚገባው ፍሪሲዮን አልላቀቅ ብሏል፤ ሳህኖቹ በሙቀት ተጣምመው ወይም ቫልቩ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጥንቃቄ

ማርሹ በሚሞከርበት ጊዜ ሥፍራው ደልዳላ ይሁን፤ ከትራክተሩ ፊትና ኋላ ማንም ሰው አይቁም። ሞተሩ ጠፍቶ በሚሠራበት ጊዜ ከጎማው ሥር ታኮ ይግባ። ትራክተሩ በማርሽ ሳለ እንዳይነሣ የሚከለክለውን ማብሪያ በሽቦ አገናኝቶ ማስነሣት ሰው ያስገድላል። በግፊት የሚረጭ ዘይት ቀጭን ሆኖ ቢታይም ቆዳ ቀድዶ ይገባልና የሚያፈስሰው ቧንቧ በካርቶን እንጂ በእጅ አይዳሰስም። እንዲህ ያለ ትራክተር ሞተሩ ጠፍቶ ሲጎተት ካምቢዮውን በዘይት የሚያለሰልሰው ፓምፕ አይዞርም፤ ስለዚህ መጽሐፉ ከሚፈቅደው ፍጥነትና ርቀት በላይ ወደ ጋራዥ የተጎተተ ትራክተር በትንሽ በሽታ ሄዶ በትልቅ በሽታ ይደርሳል።

ስለ መፍታቱ

ይህ ሁሉ ተደርጎ የሸራ ፍርፋሪ ከታየ፥ ማርሾቹ በአንድ ፍሪሲዮን ላይ ከመሰከሩ፥ መለኪያውም ከተስማማ፥ ያን ጊዜ ይፈታ ማለት ተገቢ ነው፤ መዘግየትም ጥፋት ይሆናል። ነገር ግን ሸራውን ብቻ ለውጦ መግጠም አይበቃም። ሸራው ስለ ምን እንዳለቀ ካልታወቀ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። የደረቁት ቀለበቶች አብረው ይለወጡ፤ ፍርፋሪው የተቀመጠባቸው የዘይት ማቀዝቀዣውና ቧንቧዎቹ ይታጠቡ፤ ዘይቱና ማጣሪያው አዲስ ይሁን። ማቀዝቀዣው ሳይታጠብ የተገጠመ ካምቢዮ አሮጌውን ፍርፋሪ እንደ ገና ይጠጣል።

እንግዲህ ሹሙ ወይም ባለ እርሻው ለመፍታት የቀረበለትን ወረቀት ከመፈረሙ በፊት አምስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ። አንደኛ፥ ነጂው ምን አለ? ሁለተኛ፥ ዘይቱና የተከፈተው ማጣሪያ ምን አሳዩ? ሦስተኛ፥ ባትሪው፥ ፊውዙና ሽቦው ታይተዋልን፥ የብልሽት ቁጥርስ ተጽፏልን? አራተኛ፥ የሠሩትና ያልሠሩት ማርሾች የትኞቹ ናቸው? አምስተኛ፥ ግፊቱ ስንት ተነበበ፥ መጽሐፉስ ስንት ይላል? መልሱ ያልተሟላ ከሆነ ወረቀቱ ሳይፈረም ይመለስ፤ መካኒኩም ይህን እንደ ስድብ አይቁጠረው፤ ለእርሱም ቢሆን የሥራው ምስክር ነው። መልሶቹም በትራክተሩ መዝገብ ተጽፈው ይቀመጡ፤ በሚመጣው ዓመት ያው ብልሽት ሲመለስ የመጀመሪያው አማካሪ ያ መዝገብ ይሆናል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በሰኔ ወር ግን ያፈሰሱትን ለመልቀም የሚሆን ቀን የለም። በአምስቱ ጥያቄዎች የሚያልፈው ጊዜ፥ ያለ ምክንያት የተፈታን ካምቢዮ ለመግጠም ከሚያልፈው ሳምንት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ ተራ ይዘው ለሚጠብቁት ገበሬዎችም ይህ ልዩነት ዘርቶ በመክረምና ሳይዘሩ በመቅረት መካከል ያለው ልዩነት ነው።